እንፋሎት ውስጥ የቀረው ኪሎ

ሰው ሕመሙን ሲያወራ መስማት እንደሚያሰለች አውቃለሁ። እኔም ራሴ አንዱ ስለ ቁርጥማቱ ሲጀምርልኝ በዓይኔ መውጫ በር እፈልጋለሁ። ይሁንና ሰፈራችን ውስጥ ጂም የሚሉት ቤት ከተከፈተ ወዲህ፣ ጎረምሶች በዚህ በናዝሬት ፀሐይ ላስቲክ ለብሰው ሲሮጡ እያየሁ ዝም ማለት አቃተኝ። ጠርቼ ስነግራቸው «እሺ አባባ» ብለው ያልፋሉ። የተጻፈ ነገር ግን ሰው ብቻውን ሲሆን ያነበው ይሆናል። ፊደል የቆጠርኩት ካደግኩ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነውና ቃሉ ቢንጋደድ አቃኑት።

ዘመኑ የደርግ ነው። ጥጥ መዳመጫ ፋብሪካ ውስጥ ጫኝና አውራጅ ነበርኩ። ዘነቡን አግብቼ ገና ልጅ አላፈራንም። ከሥራ ስወጣ ጁዶ እሠራ ነበር። ጁዶ ለማያውቅ ሰው፣ ተጋጣሚን በልብሱ ይዞ መጣል ነው፤ ቡጢም እርግጫም የለበትም።

ያስተማሩን ሃምሳ አለቃ ደቻሳ ናቸው። ኮሪያ ዘምተው፣ እግራቸውን ቆስለው፣ ጃፓን አገር ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ነው የተማሩት። «እኔ ሰው መጣል አልተማርኩም» ይሉን ነበር። «መራመድ አቅቶኝ እየወደቅኩ ሳስቸግራቸው፣ ሳልሰበር መውደቅ አስተማሩኝ። ሌላው ኋላ የመጣ ነው።»

ከቤታቸው ጓሮ ጭድ የተሞላ ጆንያ ደርድረው፣ በላዩ የመኪና ሸራ ወጥረው ነበር። እዚያ ላይ ወራት ሙሉ መውደቅ ብቻ ተማርን። ስንቸኩል በኦሮምኛ «ሱታ፣ ሱታ» ይሉናል፤ ቀስ በሉ ማለታቸው ነው። ማን ማንን ጣለ ብሎ የሚቆጥር አልነበረም። ሲበቃን እጅ ተነሳስተን ወደየቤታችን እንሄዳለን። ቀኑን ሙሉ የጥጥ እስር ስሸከም ውዬ እዚያ ጓሮ ስገባ ሐሳቤ ያርፍልኝ ነበር። ሌላ ጥቅም አልፈለግኩበትም።

በኋላ ቀበሌው «ያለ ፈቃድ ሰው ይሰበስባሉ» ብሎ ጓሮውን አዘጋቸው። እኛም ወደ ፋብሪካው አዳራሽ ገባን። የስፖርት ኃላፊያችን ጓድ ሙላት ይባላል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ልብስ አሰፋልን፣ እውነተኛ ምንጣፍ አስመጣልን። ግን ለሱ ጁዶ ማለት ዋንጫ ነው። ፋብሪካ ከፋብሪካ፣ ከተማ ከከተማ መግጠም መጣ። ሃምሳ አለቃ አንድ ቀን በሩ ላይ ቆመው አዩንና «ፈጥናችኋል» ብለው ሄዱ። ምስጋና ይሁን ወቀሳ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ውድድር በክብደት ምድብ ነው። ጓድ ሙላት አንድ ቀን የጥጥ ሚዛን ላይ አቆመኝና ራሱን ነቀነቀ።

«ጓድ ለማ፣ በዚህ ምድብ የአዲስ አበባ ልጆች አሉ፤ ያሹሃል። አንድ ምድብ ዝቅ ካልክ ግን ዋንጫው የኛ ነው።»

ዝቅ ማለት መክሳት ነው። ለመክሳት ደግሞ ጊዜ አልነበረም። ጊዜ ከሌለ የሚቀረው ከሰውነት ውሃ ማውጣት ነው።

ከከተማው ወጣ ብሎ መሬቱ ተሰንጥቆ እንፋሎት የሚተነፍስበት ቦታ አለ። ቁርጥማት ያለበት፣ ወገቡን የያዘው፣ ከአርሲም ከሐረርም እየመጣ በድንጋይ በተከበበች ጎጆ ውስጥ ተቀምጦ ያልበዋል። ድኖ የሄደ ብዙ ነው፤ አልዋሽም። የሚታጠን ሰው ወግ አለው፤ ሲወጣ ጋቢ ይደረብለታል፣ አጥሚት ይጠጣል፣ ይተኛል። እኛ ወጉን ገለበጥነው። የማዳበሪያ ላስቲክ ከሹራብ ሥር ለብሰን እዚያ ድረስ እንሮጣለን፣ እንገባለን፣ ያልበናል፤ ስንወጣ ውሃ አፋችንን አይነካም። ምራቃችንን እንኳ በጣሳ እንተፋ ነበር፤ ምራቅም ይመዝናል ተብለን።

አብሮኝ የሚገባው ግርማ ነበር፤ የጋሪ ነጂው የጋሽ ወልዴ ልጅ፣ ያውም አንድዬ። ከእንፋሎቱ ውስጥ ድምፁ ብቻ ይሰማኛል።

«ለማ፣ ያንን ጆሮህን ብትቆርጠው እኮ ዛሬውኑ ኪሎህ ይገባ ነበር።»

«ያንተ ምላስ ቢቆረጥ ሁለታችንም እንገባለን።»

ጋሽ ወልዴ ልጃቸውን ወደ ስፖርቱ የገፉት ዋንጫ ወደው አይደለም። የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ነበር፤ ስፖርተኛ አይነካም ይባላል። እውነት ይሁን ሐሰት ማን ያውቃል፤ አባት ግን እንዲህ ዓይነት ወሬ አያልፈውም። «ምንጣፍ ላይ ይውደቅልኝ፤ ከምንጣፍ ይነሣል» ይሉ ነበር።

ኪሎዬ ገባ። በውድድሩ ቀን ሁለት ሰው ጣልኩ። በሦስተኛው እግሬ እንጨት ሆነ፤ ማን እንደጣለኝም አላስታውስም። ቤቴ ገብቼ ተኛሁ። በማግስቱ ጭኔንና ትከሻዬን ሰው በዘነዘና የወቀጠኝ ያህል አመመኝ። ሽንቴን ሳየው የቡና አተላ ይመስላል።

ዘነቡ አየችና ጮኸች። «ደም ነው?»

«ድካም ነው፤ ነገ ይጠራል» አልኳት። አልጠራም። እየጠቆረ፣ ደግሞም እያነሰ ሄደ።

ጎረቤት ተሰበሰበ። ፀሐይ ላይ ሮጦ፣ ባዶ ሆዱን፣ ምን ይጠየቃል፤ ምች ነው ተባለ። ዳማከሴ ተጨምቆ ተቀባሁ፣ ጠጣሁ፤ ወዲያው አስታወከኝ። ሲብስ ዘነቡ ጎሕ ሳይቀድ ክሊኒክ ሄዳ ተራ ያዘችልኝ። እኔ ስደርስ አግዳሚው ሞልቶ ሰው መሬት ላይ ተቀምጧል። አንዲት እናት ልጇን በነጠላዋ እያራገበች፣ ቦታዋን ጠበብ አድርጋ «ወዲህ ተጠጋ ወንድሜ፣ ጥላ አለ» አለችኝ። ተራዬ ሲደርስ ድሬሰሩ ዓይኔን ገልጦ አየና «ወባ ነው» አለ። አልፈርድበትም፤ ያ ሰሞን ከተማው በሙሉ ወባ ነበር። ያንን መራራ ክኒን ዋጥኩ። ምንም የለም። ተመልሼ ስሄድ ሌላኛው ደግሞ «ጨጓራህ ነው» ብሎ የሚታኘክ ነጭ ክኒን ሰጠኝ።

ከዚያ ፊቴ አበጠ። ጧት ስነሣ ዓይኔ አይገለጥም። የሚገርማችሁ ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ ይለኛል። ጓድ ሙላት የአዋሽን ብርቱካን በዘንቢል ይዞ መጥቶ «ፊትህ ሞላ እኮ! ዕረፍት ተስማምቶሃል» አለኝ። ከዚያ ስቅታ ጀመረኝ፤ ቀንም ሌሊትም የማያቆም ስቅታ። ግርማ ሊያስደነግጠኝ በመስኮት ብቅ ብሎ «ሌባ!» ሲል ዘነቡ ሰሐን ጣለች፣ እኔ መሳቅ ጀመርኩ፤ ስቅታው ግን አልተወኝም። አፌ የዛገ ብረት ብረት ይለኛል፤ ሰውነቴን ያሳክከኛል። ሌሊት ሰዓት እላፊ ስለሆነ ሰው ቢሞት እንኳ ደጅ አይወጣም። ጨለማውን እያየሁ፣ ዛሬ ከሆነ ዘነቡ እስኪነጋ ከሬሳዬ ጋር ምን ታደርጋለች እል ነበር።

ቤታችን ውስጥ ጠብ ገባ። አማቴ ጠበል ይሂድ ትላለች። ወንድሜ ደግሞ «እንፋሎቱን ጅምር ላይ ትቶት ነው እንዲህ የሆነ! ሰው ታጥኖ ራቁቱን ምንጣፍ ላይ ይወድቃል? ብርድ ገብቶበታል። እንደ ወጉ ይታጠን» ይላል። ዘነቡ «ጠዋት ማታ የምታዩት እኔ ነኝ፤ ዝም በሉ!» ብላ ሁለቱንም ከቤት አስወጣቻቸው፤ ተመልሳ ግን እግሬ ሥር ተቀምጣ አለቀሰች። የሰርጓን ጥልፍ ቀሚስ ለመድኃኒት ሸጣ ነበር፤ እኔ ደግሞ አልዳንኩላትም።

በመጨረሻ የወንድሜ ነገር አሸነፈ። አስቡት እንግዲህ። እንፋሎቱ የድሃ ሐኪም ነው፤ የስንቱን ወገብ አቅንቷል። ያደከመኝ እሱ ነው ተብሎ በማን ልብ ይታሰባል? በእኔም ልብ አልታሰበም። ጋሽ ወልዴ ጋሪያቸው ላይ ፍራሽ አነጠፉልኝ። ወንድሜ በጋቢ ጠቅልሎ አቅፎ ጎጆዋ ውስጥ አስገባኝ፤ እንደ ሕፃን ነው የያዘኝ። «ትንሽ ቻል፣ አሁን ይወጣልሃል» ይለኛል። የመጨረሻ የሰማሁት እሱን ነው።

ስነቃ ሰማዩ እየሮጠ ነው። ጋሽ ወልዴ ፈረሱን እየገረፉ ወደ ሆስፒታል ይበራሉ። «ሰዓት እላፊ ሳይገባ! ሰዓት እላፊ ሳይገባ!» ይላሉ፤ ለፈረሱ ይሁን ለእኔ አላወቅኩም።

ያገኘኝ ሐኪም የውጭ አገር ሰው ነበር፤ ጢማም፣ አማርኛ ትንሽ ትንሽ የሚሞክር። ወንዱንም ሴቱንም በሴት ነው የሚጠራው። «ሽንትሽ ምን ይመስላል?» ሲለኝ የክፍሉ በሽተኛ ሁሉ ሳቀ። ሽንቴን በብርጭቆ ሲያይ ግን እሱ አልሳቀም። ነርሷን አስተርጓሚ አድርጎ ከሥር ጀምሮ ጠየቀኝ። ላስቲኩን፣ ሩጫውን፣ እንፋሎቱን ነገርኩት።

«ስንት ጊዜ ገባህ? ይላል።»

«መጀመሪያ ለኪሎ፣ ኋላ ለመድኃኒት።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ለኪሎው፣ ለምን? ይላል።»

«ለማሸነፍ።»

«ማንን? ይላል።»

ስሙን አላውቀውማ።

ያስረዳኝን እንደገባኝ ልጻፍ። ኩላሊት ወንፊት ነው፤ ደምን አጥልሎ ቆሻሻውን በሽንት ያወጣል። ሰው ደርቆ፣ በዚያ ላይ በሩጫና በትግል ጡንቻውን ሲያደቅቅ፣ የደቀቀው ጡንቻ ከደሙ ጋር ሄዶ ወንፊቱን ይደፍነዋል። ጥቁሩ ሽንት እሱ ነው። በማግስቱ መጥቼ ቢሆን ውሃ በደም ሥሬ ሰጥቶ ያጥበው ነበር። አሁን ግን ተዘግቷል፤ የምጠጣው ሁሉ የሚወጣበት የለውም፣ ወደ ሳንባዬ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ውሃ በሲኒ ተለክቶ፣ ጨው የለ፣ ሙዝና ብርቱካን የለ፤ ኩላሊት ካላጠለላቸው ልብ ያቆማሉ። «ወንፊቱ በራሱ ጊዜ ይከፈት ይሆናል፤ ላይከፈትም ይችላል» አለ። ነርሷ የመጨረሻዋን ቃል ስትተረጉም ድምፅዋን ቀነሰች።

በናዝሬት ሙቀት ውሃ የተከለከለ ሰው ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቃል። በገዛ እጄ ውሃ የከለከልኩት ሰውነት፣ አሁን እየለመነ ይከለከላል። ቧንቧ ሲንጠባጠብ ከሰማሁ እንቅልፍ የለም። ጠያቂ ሁሉ ብርቱካን ይዞ ይመጣል፤ ሌላ ምን ይዞ ይምጣ? ዘነቡ ተቀብላ ለሌሎቹ ታድላለች፤ ሽታው ግን ክፍሉን ሞልቶ ይቀራል።

ከጎኔ የወለንጪቲ ገበሬ ተኝተው ነበር፤ ሆዳቸው ያበጠ ሽማግሌ። ጨው አልባውን ወጥ ብቻዬን መብላት ሲያቅተኝ አይተው፣ የራሳቸውን ምግብ ትተው ከእኔ ሰሐን ጎረሱ።

«አባቴ፣ የእርስዎ ቅመም አለው፣ የእኔን ይተዉት።»

«ቅመም ሆዴን ይነካዋል» አሉ። ውሸታቸውን ነው። ነርሷ ስትዞር ልጃቸው ያመጣላቸውን ሚጥሚጣ በጣታቸው ሲልሱ አይቻቸዋለሁ። እየደጋገሙ «ጀባዱ» ይሉኛል፤ በርታ። አንድ ጧት ስነቃ አልጋቸው ተነጥፎ አገኘሁት። ያን ቀን ማንም ከእኔ ጋር አልጎረሰም።

ሐኪሙ ሽንቱ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ካልመጣ ወደ አዲስ አበባ እልከዋለሁ ብሎ ነበር። አዲስ አበባስ ምን ይኖራል ስትለው ዘነቡ፣ ትከሻውን ብቻ ነቀነቀ። ከዚያ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ፊኛዬ ወጠረኝ። ዘነቡ ጠርሙሱን ያዘችልኝ። መጣ፤ ትንሽ፣ ድፍርስ፣ ከዚያ ብዙ፣ እየጠራ። ዘነቡ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አንሥታ አየችው፤ ከዚያ እልልታዋን አቀለጠችው።

ነርሷ ሮጣ መጣች። «አንቺ ሴትዮ፣ ሆስፒታል ነው!»

ከጥግ አንዱ በሽተኛ «ምን ወለደች? ወንድ ነው?» አለ።

«ወንድ ነው!» አለች ዘነቡ፣ ጠርሙሱን ታቅፋ።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው፤ ላሳጥረው። ቤቴ ስገባ ሱሪዬ በገመድ ነው የታሰረው። ሸክም አልቻልኩም፤ ፋብሪካው ጥበቃ አደረገኝ። ሃምሳ አለቃ ደቻሳ ሊጠይቁኝ መጥተው ብዙ አላወሩም። «ስትችል ጓሮ ና» አሉኝ ቀስ ብለው፤ ቀበሌው መቆጣጠሩን ትቶ ነበር። ስሄድ ከመሬት መነሣት ነው ያሠሩኝ። መቀመጥ፣ መንከባለል፣ መነሣት። አንዳንድ ቀን አንዴ ተነሥቼ ይበቃኛል፤ እሳቸውም ይበቃሃል ይሉኛል። እጅ ነስቼ ወደ ቤቴ።

የቀረውን ለመጻፍ እጄ ይከብደዋል።

እኔ ስወጣ ምድቡ ባዶ ሆነ። ለቀጣዩ ውድድር ግርማ እንዲወርድበት ተወሰነ፤ ከእኔ የበለጠ የሚያወርደው ኪሎ ነበረው። አዳራሹ ድረስ ሄጄ ለጓድ ሙላት ሐኪሙ ያለኝን ቃል በቃል ነገርኩት።

«ጓድ ለማ፣ አንተን ወባ ነው የመታህ» አለኝ፤ ለስለስ ብሎ፣ እንደ በሽተኛ እያባበለኝ። «እንፋሎት ገድሎ ያውቃል? አሮጊቶች ይገቡበት የለም እንዴ?»

«አሮጊቶቹ ወጥተው ይጠጣሉ።»

«እሱም ከሚዛን በኋላ ይጠጣል።»

ግርማን ለብቻው ያዝኩት። ሽንቴ እንዴት እንደጠቆረ፣ ስቅታውን፣ ሁሉን ነገርኩት። አዳመጠኝ። ከዚያ «አፈሳው ትናንት እኛ መንደር ደርሷል» አለኝ። «እዚያ የሄደው ሁሉ ይመለሳል? ከሁለቱ አንዱን ምረጥልኝ።» «እንግዲያው ቢያንስ ውሃ ጠጣ፤ ከጠቆረ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም፣ ማንንም አትጠብቅ» አልኩት። «እሺ ዶክተር ለማ» ብሎ ሳቀ።

ግርማ አሸነፈ። የዝዋይ ዓሣ አስጋሪ ልጅ ጥሎ ሜዳሊያ አጠለቀ። ከመድረኩ ሲወርድ ግን ተዝለፍልፎ ወደቀ። ያንን አወዳደቅ ማንም አላስተማረውም። ሆስፒታል ሲደርስ ልቡ ነው የቆመው፤ ጢማሙ ሐኪም ደረቱን እየተጫነ ብዙ ለፋ። እኔ ጥቁር ሽንት ይታየኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ሞት እሱን እስኪሸና እንኳ አልጠበቀውም።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ስፖርት አትሥሩ አልላችሁም። እኔ እስከ ዛሬ ጧት ጧት ምንጣፍ ላይ እንከባለላለሁ፤ ዘነቡ እስክትሞት ድረስ ትስቅብኝ ነበር። የምላችሁ ይህ ነው። ከሮጣችሁ በኋላ ሰውነታችሁ እንደተወቀጠ ከተሰማችሁ፣ ሽንታችሁ ከጠቆረ ወይም ካነሰ፣ ዳማከሴ አትፈልጉ፣ የሠራችሁትንም ለሐኪም አትደብቁ። ጥማችሁንም ለሚዛን ብላችሁ አታታልሉት።

የግርማ ለቅሶ ላይ ጓድ ሙላት ንግግር አደረገ፤ ሜዳሊያው በትራስ ላይ ሆኖ ድንኳኑ መሐል ተቀምጧል። ጋሽ ወልዴ አላዩትም። ሰው ሳሳ ሲል አንድ ረጅም ልጅ፣ ጫማውን አቧራ የሸፈነው፣ ድንኳኑ አፍ ላይ ቆሞ መግባት ፈራ። ጋሽ ወልዴ አዩት።

«ግባ ልጄ። የማን ልጅ ነህ? ከየት ነህ?»

«ከዝዋይ ነው የመጣሁት።» አቀረቀረ። «እኔ ነኝ አባቴ። ያሸነፈው እኔን ነው።»

ጋሽ ወልዴ ተነሡ፤ ሊመቱት መስሎኝ እኔም ተነሣሁ። ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ጉንጩን፣ ግንባሩን፣ አንገቱን ዳሰሱት፣ ገበያ ላይ ዕቃ እንደሚመረምር ሰው።

«ውሃ ትጠጣለህ?»

«እጠጣለሁ።»

«እናት አለችህ?»

«አለች።»

«እንኳን ተሸነፍክ» አሉት። «እንኳን ተሸነፍክ ልጄ። በል ሂድ፣ ሳይመሽ ድረስላት። ታስባለች።»